በረኛ የሌላት ጀልባ

መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም ዋልያዎቹ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያንኮታኮቱበትን ሜዳ የሚረሳ ደጋፊ የለም፤ ባሕር ዳር ስታዲየም ነው። ለኳስ ብሎ ባሕር ዳር የረገጠ ሰው ደግሞ አንድ የማይቀርለት ነገር አለ። ጨዋታው አልቆ፣ ዓሣው ተበልቶ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ጣና ይወርዳል። ከጓደኞቹ ጋር ሒሳብ አዋጥቶ ወደ ዘጌ የምትሄድ ጀልባ ይሳፈራል።

ደጋፊያችን ጀልባዋን የሚመርጠው እንዴት ነው? ያው እንደምናውቀው ነው። ጥላዋን ያያል፣ ወንበሯን ያያል፣ ቀለሟን ያያል። ትንሽ ነቃ ያለው ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ የሞተሩን ስም ያነባል፤ ያማሃ የሚል ካየ «አሪፍ ናት» ብሎ ይገባል። ካፒቴኑ ፊት ለፊት ያለችውን ሰሌዳ ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። እዚያ ላይ ስንት ጌጅ አለ? ስንቱስ ይሠራል? ኮምፓስ አለ ወይ? ማንም አይጠይቅም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያች ሰሌዳ ነው። ባለሙያዎቹ ኮንሶል ይሏታል፤ እኛ ከመኪናው ተውሰን ዳሽቦርድ እንበላት። «የስፖርት ገጽ ላይ የጀልባ ዳሽቦርድ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ግን ትንሽ ይታገሰን። ዳሽቦርድ መሥራት ቡድን ከመሥራት ብዙም አይለይም። ገንዘቡን ሁሉ አጥቂ ላይ አፍስሶ በረኛ የረሳ ክለብ ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን አይደል? ጣና ላይም ያው ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚቆጠረው ጎል አይደለም፤ ሰው ነው።

እንፍራንዝና ታንኳው

እንፍራንዝ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የምትለን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ የጉዛራ ግንብ የሚገኝባት ከተማ ናት። እዚህ የምናወራው ግን ከባሕር ዳር በስተምዕራብ፣ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ስላለው እንፍራንዝ ነው። የአካባቢው ምንጮች የባሕር ዳርን ሕዝብ ያጠጣሉ፤ ወንዙ ደግሞ በደንገሉ መሀል አልፎ ጣና ይገባል።

በዚህ ዳርቻ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ይሄዳል። በአንድ በኩል ከደንገል የታሰረው ታንኳ አለ፤ በሌላ በኩል ሞተር የተገጠመላት ጀልባ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፈው የኖረው የታንኳ ጥበብ ዳሽቦርድ አያውቅም። ቀዛፊው ነፋሱን በፊቱ ይለካል፣ ጥልቀቱን በዘንጉ ይለካል፣ አቅጣጫውን ከዳርቻው ዛፍ ያነባል። ነዳጅ የለው፣ ባትሪ የለው፣ የሚግል ነገር የለው። ምን ያደርግለታል?

ሞተር ያላት ጀልባም ቢሆን ትንሽ ስትሆን ብዙ ችግር የለባትም። ካፒቴኑ ከኋላ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ በእጁ ይዘውራታል። ሞተሩ ሲያስነጥስ ይሰማል፣ ሲግል ይሸተዋል፣ የነዳጅ ጄሪካኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ስንት እንደቀረ ያውቃል። ዓይንና ጆሮው ራሱ ዳሽቦርድ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሚለወጠው ጀልባዋ ስታድግ ነው። ተሳፋሪው ይበዛል፣ መሪው ወደ ፊት ይመጣል፣ ካፒቴኑም ከሞተሩ አምስት ስድስት ሜትር ይርቃል። በመሀል ሰው ያወራል፣ ሙዚቃ ይጮሃል። ጀርባው ላይ ምን እየሆነ እንዳለ በምን ይወቅ? ዳሽቦርድ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ከሞተሩ ሲርቅ ያጣውን ዓይንና ጆሮ መልሶ የሚሰጠው እሱ ነው። መሪውን ወደ ፊት አምጥቶ ጌጆቹን የረሳ ሰው ካፒቴኑን ዓይኑን አስሮ ሜዳ አስገባው ማለት ነው።

የጣና ደንገል አትላንቲክ ላይ

«አባቶቻችን ያለ ኮምፓስ ኖረዋል» የሚል ክርክር ሁሌም አለ። እውነት ነው፤ ዳርቻው እስከታየ ድረስ። ዳርቻው ሲጠፋ ግን የደንገል ጀልባም መሣሪያ ይፈልጋል። ይህን ደግሞ ያረጋገጠው የራሳችን የጣና ደንገል ነው።

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና ደንገል አስጭኖ ግብፅ ወሰደ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጀልባ አድርገው አሰሩለት፤ ስሟንም «ራ» አላት። ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነስታ አትላንቲክን ልታቋርጥ ወጣች። ሰባት ሰዎች ከሰባት አገር ነበሩ፤ ያው እንደ ቬንገር አርሰናል መልበሻ ክፍል በሉት። የመሪ መቅዘፊያዎቹ ገና በጉዞው መጀመሪያ ተሰበሩ። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ ኋላዋ ውሃ እየዋጠው ሄዶ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ጥለዋት ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ዳግም በጣና ደንገል «ራ 2» ተሠራች። እሷ 6,100 ኪሎ ሜትሩን በ57 ቀን ጨርሳ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1970 ባርቤዶስ ገባች።

ለእኛ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጀልባዋ ጥንታዊ ሆና ሳለ መርከበኛው አሜሪካዊ ኖርማን ቤከር በእጁ ሴክስታንት ይዞ ፀሐይን እየለካ ያሉበትን ያሰላ ነበር፤ ሬዲዮም ነበራቸው። ሄየርዳል የጥንቱን ጀልባ ለመፈተን ብሎ የሰዎቹን ሕይወት በግምት አላስያዘም። እንግዲህ የጣና ደንገል አትላንቲክ ላይ መሣሪያ ካስፈለገው፣ ጣና ራሱ ላይ ባለ ሞተሯ ጀልባ ያለ ኮምፓስ ስትሄድ ምን እንበል?

ጣናን ደግሞ እንደ ኩሬ የሚያየው አለ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ እኮ ነው። ደቅ ደሴትን አልፎ ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ሰው ጭጋግ ወይም ዶፍ ከወረደበት ግራ ቀኙ አንድ ነው። በሌላ በኩል ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል። ትንሽ ጀልባን የሚያስቸግራት ይሄኛው ዓይነት ነው።

አሰላለፉ

እንግዲህ ቡድናችንን እንሥራ። ከየት እንጀምር? ከበረኛው ነዋ!

በረኛው የድንገተኛ ማጥፊያው ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ከካፒቴኑ እጅ ወይም ጃኬት ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ማጥፊያ ጋር ይያያዛል። ካፒቴኑ ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ገመዱ ተስቦ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ከሌለ ጀልባዋ ያለ ሰው ትሄዳለች፤ ብዙ ጊዜም ትዞርና ወደወደቀው ሰው ትመለሳለች፣ ያውም ፕሮፔለሯ እየተሽከረከረ። ከዳሽቦርዱ ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ማንም አያመሰግነውም። የሚታወሰው ጎል ሲገባ ነው።

ከበረኛው ፊት አራት ተከላካይ እናሰልፍ። የመጀመሪያው ኮምፓስ ነው። አቅጣጫህን አሥር ዲግሪ ብትስት ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ከምትፈልገው ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቀህ ትገኛለህ። ሁለተኛው የነዳጅ ጌጅ ነው፤ ሐይቁ መሀል ማደያ የለም።

ሦስተኛው የሙቀት ጌጅ ወይም የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ ነው። የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ከሥሩ የሐይቁን ውሃ ስቦ ራሱን ያቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ታዲያ ዓሣ አጥማጁን ብቻ አይደለም ያስቸገረው። ቅጠሉና ሥሩ የሞተሩን የውሃ መግቢያ ሊደፍነው ይችላል፣ ያኔ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ከሞተሩ ኋላ እንደ ቀጭን ምንጭ የምትፈናጠቅ ውሃ አለች፤ እሷ ከቆመች አደጋ አለ ማለት ነው። ግን ፊት ለፊት የተቀመጠ ካፒቴን ጀርባው ላይ ያለችውን ውሃ በምን ያያታል? ስለዚህ ወሬው ዳሽቦርዱ ድረስ መምጣት አለበት።

አራተኛው የባትሪ ቮልቴጅ ጌጅ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ካልተጠጋ ቻርጅ አያደርግም ማለት ነው። ወደ 12 ከወረደ ደግሞ ዘጌ ላይ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ሞተሩ አልነሳም ሊል ይችላል።

አማካዩና ከፍታው

አማካይ ቦታ ላይ ሁለት ተጫዋች አለን፤ የሞተር ዙር ቆጣሪና የጥልቀት መለኪያ።

ዙር ቆጣሪውን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል። ኳስ ተመልካች ግን ከማንም ቀድሞ ሊገባው ይገባል። ከፍታ ተጫዋችን ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። የላፓዝ ሜዳ ስንቱን ታላቅ ቡድን እንዳንጠራወዘ፣ ፊፋም እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ይቅር ብሎ በ2008 ውሳኔውን እንደሻረው እናስታውሳለን። ሞተርም ይተነፍሳል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በግምት በየ300 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር ጣና ላይ ሲወርድ ወደ 33 ይጠጋል። ተሳፋሪው ግን የሚጫነው በ40ው ሒሳብ ነው!

ፕሮፔለሩም ለባሕር ጠለል የተመረጠ ከሆነ ይከብደዋል። ለምሳሌ ፋብሪካው በሙሉ ጋዝ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር እንዲሠራ ያዘዘው ሞተር ሙሉ ጭነት ይዞ 4,600 ላይ ቢቆም፣ ሞተሩ ታፍኖ እየለፋ ነው፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዕድሜው ያጥራል። መፍትሔው ፒቹ አነስ ያለ ፕሮፔለር ነው፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ግን ዙር ቆጣሪ የሌለው ሰው ይህን በምን ያውቃል? ሞተሩን ይወቅሳል፣ ቤንዚኑን ይወቅሳል፣ በመጨረሻም መካኒኩን ይቀይራል። አሠልጣኝ እንደሚያባርር ክለብ ማለት ነው።

የጥልቀት መለኪያው ደግሞ ለዳርቻው ነው። ጣና በክረምቱ ማብቂያ ይሞላል፣ በግንቦትና ሰኔ ይወርዳል። መስከረም ላይ በላዩ ያለፍክበት ድንጋይ ግንቦት ላይ ፕሮፔለርህን ይጠብቃል። እንደ እንፍራንዝ ባሉ የወንዝ መግቢያዎች አካባቢ ደግሞ ወንዙ ደለል ስለሚያመጣ የታችኛው መሬት ባለበት አይቆይም።

አጥቂዎቹን መጨረሻ ላይ አመጣናቸው፤ ትልቁ የጂፒኤስ ስክሪን፣ ድምፅ ማጉያውና ባለ ቀለም መብራቱ። ጂፒኤስ ጥሩ ነው፤ ፍጥነትንም ከሥር ከተሰካ መለኪያ ይልቅ በትክክል ይናገራል፣ ምክንያቱም አረም አይደፍነውም። ነገር ግን ባትሪ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ኮምፓስ ባትሪ አይጠይቅም። ገንዘብ ካለ ሁለቱም ይግቡ፤ ከሌለ ተከላካዩ ይቅደም።

የዝውውር መስኮቱ

ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት ይመጣል? የጀልባ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ እንደልብ አይነካም። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ጎብኚ ስለቀነሰ የጀልባ ባለቤቶቹም ኪስ ሳስቷል። ስለዚህ ዓይን የሚያርፈው መኪናው ላይ ነው፤ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። የተፈታ ጌጅ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የፊውዝ ሳጥን እዚያ ይፈለጋል።

ክፋት የለውም። የመኪናው ቮልቴጅ ጌጅ ባለ 12 ቮልት እስከሆነ ድረስ ጀልባ ላይም ያው ነው። ነገር ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ውሃ ነው። የመኪና ጌጅ ዝናብ ይመታኛል ብሎ አልተሠራም፤ መስታወቱ ውስጥ እርጥበት ይገባና መርፌውን ማየት ያቅታል። ጎማ ማሸጊያና መከለያ ካልተደረገለት አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ሁለተኛው ወጥመድ የነዳጅ ጌጁ ነው፤ ይህኛው ሰው ያስጨርሳል። ጌጁ ብቻውን አይሠራም፣ ታንኩ ውስጥ ካለው ተንሳፋፊ ጋር ይነጋገራል፤ ቋንቋቸው ደግሞ ኦኤም ነው። በአሜሪካው ስታንዳርድ ባዶ ታንክ 240 ኦኤም፣ ሙሉ ታንክ 33 ኦኤም ነው። በአውሮፓው ግን ባዶው 10፣ ሙሉው 180 ነው። ልብ በሉ፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው! የአውሮፓ ተንሳፋፊን ከአሜሪካ ጌጅ ጋር ያጋባ ሰው ታንኩ ባዶ ሲሆን መርፌው «ሙሉ» ይለዋል። ከእንዲህ ዓይነት ጌጅ ጌጅ የሌላት ጀልባ ትሻላለች፤ የሌላት ሰው ቢያንስ በጄሪካኑ ይጠራጠራል። የመኪና ጌጆችም እንደየፋብሪካው ስለሚለያዩ ሁለቱን ከአንድ ቤት መግዛት ወይም በኦኤም መለኪያ ፈትሾ መክፈል ነው።

ሥራው

ዳሽቦርዱን ራሱን ለመሥራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎበዝ አናጢና ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይበቃሉ። መጀመሪያ በካርቶን ነው የሚሠራው። ካርቶኑ ተቆርጦ ቦታው ላይ ይቆማል፣ ካፒቴኑ ተቀምጦም ቆሞም ያየዋል፤ መሪው የትኛውን ጌጅ እንደሚጋርድ ያኔ ይታወቃል። ከዚያ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ኮምፖርሳቶ ይቆረጣል። ትንንሾቹ ጌጆች አብዛኛውን ጊዜ 52 ሚሊ ሜትር፣ ዙር ቆጣሪው 85 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ፣ የቀዳዳው ውስጥ ሳይቀር፣ በፋይበር ግላስ ሬንጅ ይታሸጋል፤ ኮምፖርሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። የላይኛው ቀለም የማያብረቀርቅ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ የጣና ፀሐይ አንጸባርቆ ዓይን ይወጋል።

ኮምፓሱ ከሁሉ ከፍ ብሎ፣ ልክ በካፒቴኑ ፊት መሀል ይቀመጣል። ከድምፅ ማጉያ ቢያንስ ከግማሽ ሜትር በላይ ይራቅ፤ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ፣ ማግኔት ደግሞ ኮምፓስን ያሳብደዋል። በአጠገቡ የሚያልፉ ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች እርስ በርስ ይጠምዘዙ። ሲያልቅ ሞተሩንና መብራቱን እያበሩ እያጠፉ መርፌው ይነቃነቅ እንደሆነ ማየት ነው።

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ። ርቆ ከገባ በመሀል ያለው ገመድ ሲቃጠል የሚያድነው የለም፤ አጠገቡ ደግሞ ቤንዚን አለ። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ጌጁ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ረገብ ይበል፤ ውሃው በገመዱ ተንሸራቶ ጌጁ ውስጥ ሳይገባ ከረገበው ቦታ ይንጠባጠባል። ገመዶቹ ላይ ስም ይለጠፍ፣ ከኋላም የሚከፈት በር ይኑር። ሐይቅ መሀል ላይ አሥራ አምስት አንድ ዓይነት ቀይ ገመድ ፊት የቆመ ሰው ያሳዝናል።

መርማሪው ማን ነው?

በ2017 ዓ.ም «ጣናነሽ 2» ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና ወደ ጣና ስትጓዝ ሀገሬው በየመንገዱ ወጥቶ አይቷታል። ሁሉም ያወራው ስለ ግዝፈቷ ነበር። እኛ ሰዎች ስንባል እንዲህ ነን፤ ግዙፉን እናያለን፣ ትንሹን እናልፋለን። ባሕር ዳር ስታዲየምም ግዙፍ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ካፍ ዝርዝሩን መርምሮ መመዘኛዬን አያሟላም አለ፤ ዋልያዎቹም ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም ጋናን «በሜዳቸው» ያስተናገዱት ጆሃንስበርግ ሄደው ነው። 1 ለ 1 ወጡ። ስታዲየሙን ያስቀጣው መጠኑ አልነበረም፤ ዝርዝሩ ነው።

ጀልባዋን ግን ጠዋት ጠዋት ካፍ መጥቶ አይመረምራትም። ሒሳብ ከፍሎ የሚገባው ሰው ከጠየቀ ባለቤቱ ይገዛል፤ ካልጠየቀ ቀጣዩም ብር የሚወጣው ለድምፅ ማጉያ ነው። ጥያቄው ሦስት ብቻ ነው። ካፒቴን፣ ማጥፊያ ገመዱን አስረኸዋል? ኮምፓሱ ይሠራል? የነዳጅ ጌጁ እውነቱን ነው? የሕይወት አድን ጃኬቱን እየለበሱ መጠየቅ ይቻላል፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጥሩ ካፒቴን አይቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጀልባ አለ።